ከድሬዳዋ አንኮበር፦ የቡዳው ጉብኝትና የወንድሜ ቁርጭምጭሚት

ሐሙስ

ድሬዳዋ ላይ ወፍራም ካፖርት ፍለጋ ቀፊራ ገበያ የሚዞር ሰው ይሳቅበታል። ወንድሜ ታደሰ ዞረ፤ ተሳቀበትም። በመጨረሻ አንዲት የሰልባጅ ነጋዴ ከክምሩ ሥር የወታደር የሚመስል ካፖርት ጎትታ አወጣችለትና «አቦ፣ የት ልትሄድ ነው? ራሽያ?» አለችው። «አንኮበር» አላት። የት እንደሆነ አታውቅም። እውነቱን ለመናገር እኛም በስም እንጂ አናውቀውም ነበር።

ለምን እንደሄድን አስቀድሜ ልናገር። የወንድሜ ልጅ ሕይወት ደብረ ብርሃን ተምራ እዚያው ሥራ ይዛ ቀርታለች። ዘንድሮ ለገና ስትመጣ ላገባ ነው አለችን። ልጁ ዘላለም ይባላል፤ አስጎብኚ ነው። እንግዶችን ጠዋት ከደብረ ብርሃን አንስቶ አንኮበርን አሳይቶ ማታ የሚመልስ የአንድ ቀን ጉብኝት አለው። ፈረንጆቹ የኢትዮጵያ ቫምፓየሮች አገር እያሉ ይመጡለታል፤ እሱ በአማርኛ የቡዳ ታሪክ ጉብኝት ነው የሚለው። ይህ ብቻ ቢሆን ስቀን እናልፈው ነበር። የሕይወት እናት ብርቄ ግን «የማን ልጅ ነው?» ብላ ጠየቀች። ሕይወትም ሳትደብቅ እናቱ ሸክላ ሠሪ፣ አያቱ አንጥረኛ መሆናቸውን ነገረቻት።

ብርቄ ተወልዳ ያደገችው ሰሜን ሸዋ፣ ሰላ ድንጋይ ነው። በዚያ አገር ላላደገ ሰው ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ብረት የሚቀጠቅጥና ሸክላ የሚሠራ ሰው ዓይኑ ሰው ይበላል፤ የተበላው ሰው ውሎ ሳያድር ይታመማል፣ ይከሳል፤ ሲመሽ ደግሞ ቡዳው ጅብ ሆኖ መቃብር ይቆፍራል የሚል የቆየ ወሬ አለ። በልጅነቷ ሸክላ ሠሪ በበራቸው ካለፈች እናቷ ልጆቹን ሰብስባ ጓዳ ታስገባ ነበር። ብርቄ ይህን ሁሉ ዘመን ከእኛ ጋር ድሬዳዋ ስትኖር አንድ ቀን እንኳ ስለ ቡዳ አውርታ አታውቅም። ያን ቀን ግን ምሳዋን ትታ ተነሳች፤ ልጇን አላናግርም አለች።

«እኔ ሄጄ አያለሁ» አላት ወንድሜ። «በዓይኔ ያየሁትን መጥቼ እነግርሻለሁ።»

እኔን ይዞኝ የሄደው ታናሽ እህቱ ስለሆንኩ፣ ባሌም ከሞተ ወዲህ ከቤት የሚያስቀረኝ ስለሌለ ነው። ስንወጣ ብርቄ የካፖርቱን ኪስ ከፍታ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ከተተችበት። ወንድሜ አይቶ እንዳላየ ሆነ።

አውቶቡሱ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሳ። አዋሽ ላይ ምሳ በላን፤ ሙቀቱ የቤታችን ሙቀት ስለሆነ አልከበደንም። ከአዳማ በኋላ ነፋሱ ተለወጠ። አዲስ አበባ ስንገባ ካፖርቱን የምንለብሰው በተራ ሆነ። ያደርንበት ሆቴል የአልጋ ልብሱ ስስ ስለነበር አስተናጋጇን ተጨማሪ ብጠይቃት፣ «ዛሬ እኮ ሞቋል» አለችኝ።

ዓርብ

ከላም በረት ተነስተን በሰንዳፋና በሸኖ በኩል ሄድን። አገሩ ሜዳ ነው፤ የታጨደ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ አጥር፣ ጆሯቸውን ወደ ኋላ አጥፈው የሚቆሙ ፈረሶች። በእኛ በኩል ግመል የሚቆምበት ቦታ ሁሉ እዚህ ፈረስ ቆሟል።

ደብረ ብርሃን ስንወርድ መጀመሪያ ያየሁት ባጃጆቹን ነው። ድሬዳዋ የባጃጅ ከተማ ናት፤ ባጃጅ ማለት ለእኔ ነፋስ የሚገባበት ነገር ነው። እዚህ ግን ግራና ቀኙን በላስቲክ ሸፍነው ተሳፋሪውን እንደ ችግኝ ያስቀምጡታል። ሰውም የሚሄደው ፀሐይ ባለበት በኩል ብቻ ነው። እኛ ዕድሜያችንን ሙሉ ጥላ ጥላውን ስንሄድ ስለኖርን፣ መንገዱ ባዶ የሆነበትን በኩል መርጠን ስንንቀጠቀጥ አንድ ሽማግሌ አዝነውልን «ኧረ ወዲህ ተሻገሩ ልጆቼ» አሉን።

ሕይወት መነኻሪያ ጠብቃን አባቷን አቅፋ ብዙ ቆየች። ዘላለም አልመጣም። ሽማግሌ ሳይላክ ከአማት ጋር ፊት ለፊት መቆም ነውር ነው ብሎ ነው፤ ነገ ግን እንግዶች ሆነን በመኪናው እንሄዳለን። ሁላችንም ለምን እንደምንሄድ እናውቃለን፤ ማናችንም አንናገረውም።

ማታ የጾም በያይነቱ በላን። እዚያ ምግብ ቤት ወንድሜ ትንሽ አሳፈረን። እኛ ድሬዎች ትልቅ ትንሽ ሳንል ሰውን ሁሉ አንተ አንቺ ነው የምንለው። ጠና ያሉትን የምግብ ቤቱን ባለቤት «አንቺ፣ ሽሮሽ ይጥማል» ሲላቸው ሴትዮዋ ሳህኑን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ሕይወት ቶሎ ብላ «ከድሬዳዋ ነው የመጣው» አለች። ሴትዮዋ ይህ ልክ እንደ በሽታ ይቅርታ የሚያሰጥ ነገር ይመስል አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ በኋላ የዳቦ ጭማሪ ላኩልን።

አልጋዬ ላይ ከደብረ ብርሃን ሱፍ የተሠራ ባና ነበር። ይከብዳል፣ ይኮሰኩሳል፣ ይሞቃል። እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ከተኛሁ ዘመን የለኝም።

ቅዳሜ

ጠዋት ሚኒባሱ መጣ። ዘላለም ወርዶ ሁለታችንንም በሁለት እጁ ጨበጠን። ቀጠን ያለ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ልጅ ነው። ከእኛና ከሕይወት ሌላ ከአዲስ አበባ የመጡ ወጣት ባልና ሚስት ነበሩ፤ ገና መራመድ የጀመረች ሴት ልጅ ይዘዋል። ሚስትየዋ ተጫዋች ናት፤ ቫምፓየር ፊልም በጣም እንደምትወድ፣ ይህን ጉብኝት ስልኳ ላይ አይታ ባሏን ጎትታ እንዳመጣችው ነገረችን።

የመጀመሪያው ማረፊያችን ከመንገዱ ወረድ ብሎ ያለ ወንዝ ዳር ነው። ጥቁር ድንጋይ የሚመስል ነገር ተከምሯል። በጥንት ጊዜ ብረት ሲቀልጥ የተረፈ ዝቃጭ ነው አለን ዘላለም። የነገሥታቱ አንጥረኞች እዚህ ይሠሩ ነበር። ከዚያ የጅቧን ታሪክ ነገረን። አንድ ገበሬ ማታ በጎቹን ልትበላ የመጣች ጅብ በጦር ወጋ። ጠዋት ደሟን ተከትሎ ሲሄድ ሞታ አገኛት፤ ጆሮዋ ላይ የወርቅ ጉትቻ ነበር። በዚያው ቀን የአንጥረኛው ሚስት ጠፋች ተባለ።

ወጣቷ ሚስት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወንድሜ ግን ግር አለው።

«እኛ ጋ እኮ ሐረር ላይ ወራባ በስሙ ተጠርቶ ይመጣል» አለ። ወራባ የምንለው ጅብን ነው። «ሥጋውን ከሰው አፍ ላይ ተቀብሎ ይሄዳል። እንዲያውም ክፉ መንፈስ ያባርርልናል ነው የሚባለው። ጉትቻ ያደረገ ግን አላየሁም።»

ዘላለም ሳቀ። «እዚህ ቢሆን ጋሽ ታደሰ፣ ቡዳ የሚባለው ያ የሚያበላው ሰውዬ ነው።»

ወንድሜ መኪናው ውስጥ ወደ እኔ ዞረና «ያቺ የጠፋችው ሴትዮ ግን የት ሄዳ ይሆን?» አለኝ። እኔም ያንኑ እያሰብኩ ነበር።

ጎረቤላን አልፈን አንኮበር ደረስን። የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ሾጣጣ ነው፤ በድንጋይ ደረጃ ይወጣል። ላዩ ላይ ከጥንቱ የቀረው ጥቂት ግንብ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ለማየት የሚደክሙበት ነገር ብዙ የለም። ነገር ግን ጫፉ ላይ ስንቆም ገደሉ ድንገት ያልቅና ከታች ሌላ አገር ይታያል፤ ቡናማ፣ ጭጋጋም፣ ሞቃት። ዘላለም በጣቱ አሊዩ አምባን አሳየን። የሐረር ነጋዴዎች ድሮ በዚያ ቆላ በግመል መጥተው እዚያ ይሰፍሩ እንደነበር ሲነግረን፣ ወንድሜ የካፖርቱን ቁልፍ ፈቶ «እንግዲያው መንገዱ የእኛ ነው» አለ። ከመጣን ጀምሮ ፊቱ ሲፈታ ያየሁት ያኔ ነው።

ዘላለም ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ ቆሞ ይናገር ነበር። «ንጉሡ ጦር ሲፈልግ፣ ገበሬው ማረሻ ሲፈልግ፣ ወይዘሮዋ ድስት ስትፈልግ ወደ እኛ ይልካል። ቀን እንፈለጋለን፤ ሲመሽ እንፈራለን። መሬት አይሰጠንም፣ ልጅ አይዳርልንም። ጌታ የተቸነከረበትን ምስማር የሠራው አንጥረኛ ነው እያሉም ያወራሉ።»

«እኛ ማለት?» አለች ወጣቷ ሚስት።

«እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ቀጥለን የምንሄደው እሷ ጋ ነው።»

ወጣቷ ነጠላዋን አንስታ የልጇን ፊት ሸፈነች። ፀሐይ አልነበረም፤ ነፋስም አልነበረም። ሁላችንም አየናት። ዘላለምም አያት፤ ከዚያ ስለ ግንቡ ድንጋይ ማውራት ቀጠለ። ሕይወት አጠገቤ ቆማ ስለነበር ክንዴን እንዴት አድርጋ እንደጨበጠችው እስካሁን ይሰማኛል።

ስንወርድ ጉም ከቆላ ተነስቶ መጣ። እኛ አገር ጉም የለም፤ አቧራ ነው ያለን። አቧራ ሲመጣ ይታያል፣ ይሰማል። ይህ ግን እየተመለከትነው ደረጃውን አንድ በአንድ እየበላ ወጣ። ወንድሜ ካፖርቱ ጠልፎት ይሁን ድንጋዩ አዳልጦት፣ አንድ እግሩ ታጥፎ ቁጭ አለ። ጮኾም አያውቅ፤ «አቦ!» ብቻ አለ። ቁርጭምጭሚቱ እያየነው አበጠ። ዘላለምና የአዲስ አበባው ባል በግራና በቀኝ ደግፈው አወረዱት። ሹፌሩ በዚህ ጉም ወደ ጎረቤላ የሚወስደውን ዳገት አልነዳም አለ፤ ልክ ነበር። ቅርብ ያለው ቤት የዘላለም እናት ቤት ነው። ምሳ ጎረቤላ ሆቴል ሊሆን ታስቦ ነበር፤ ቀረ።

ወይዘሮ የሺ በር ላይ ጠበቁን። ስልሳ የሚሆናቸው፣ ጭቃ የደረቀበት ጣት ያላቸው ሴት ናቸው። «እግዚአብሔር ያስነሳዎት ጌታው» አሉት ወንድሜን፤ ዓይናቸው መሬት ላይ ነው። ሕፃኗን አላዩአትም። እንደማንኛውም ሴት «ምን ታምራለች!» አላሉም፤ ስሟንም አልጠየቁም። ዞር ብለው አለፏት። ይህንን ጥንቃቄ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያደርጉት እንደኖሩ ያስታውቃል።

ቤቱ ሞቃት ነው። በግድግዳው ዙሪያ ድስቶችና ገንቦዎች ተደርድረዋል፤ ውጭ ደጁ ላይ ደግሞ ያልተተኮሱት ይደርቃሉ። ወንድሜን መደብ ላይ አጋደምነው። የዶሮ ወጥ ሽታ ወዲያው አወደን። ሕይወት በጆሮዬ «ከትናንት ጀምራ ነው የሠራችው» አለችኝ። «ዘላለም አታቅርቢ ብሏት ነበር። ሳይበሉት ቢሄዱ ትሞታለች ብሎ ፈርቶ።»

ባልና ሚስቱ በልተናል አሉና ልጃቸውን ይዘው መኪና ውስጥ ሊቀመጡ ወጡ። ወይዘሮ የሺ አልተቀየሙም። እንደሚጠበቅ ነገር አንገታቸውን ብቻ ነቅንቀው፣ ሕይወት እጃችንን ስታስታጥበን መሶቡን አቀረቡ፣ ወጡን አወጡ፣ እንቁላሉን በወንድሜ በኩል አደረጉት። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፉና «ብሉ፤ እኔ ውጭ ነኝ» ብለው ወጡ። በሩንም ከኋላቸው ዘጉት።

እኔ እንጀራ ቆርሼ ይዤ ነበር። የዚያን ጊዜ የተሰማኝን ላልጽፈው አስቤ ነበር፤ ግን ልጻፈው። ቀለለኝ። በቡዳ አላምንም ስል የኖርኩት ሴትዮ፣ በሩ ሲዘጋ ትከሻዬ ሲወርድ ተሰማኝ።

ወንድሜ አልቆረሰም። «የት ሄደች?» አለ።

ዘላለም መሬት መሬት እያየ፣ «ልማዷ ነው። እንግዳ ሲበላ አትቀመጥም» አለ። «እንዳይፈሩ ብላ ነው።»

«ማን ውጪ አላት?»

«ማንም አላላትም ጋሼ። ተይ ብዬ ብዙ ጊዜ ለምኛታለሁ።»

ወንድሜ ግድግዳውን ይዞ ተነሳ። ሕይወት «አባዬ እግርህ!» አለች፤ አልሰማትም። ድስቶቹን እየተደገፈ በሩን ከፍቶ ወጣ። ተከተልኩት።

ወይዘሮ የሺ ጉሙ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ሲያዩን ደነገጡ።

«ምን ጎደለ ጌታው?»

«አንቺ ጎደልሽ» አለ ወንድሜ።

አንቺ ሲላቸው እኔ ተሸማቀቅኩ። እሳቸው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን አንስተው አዩት። ወንድሜም የሚለው ስላለቀበት፣ እግሩም ስላቃተው፣ አጠገቡ የተደፋ ትልቅ ገንቦ ላይ ሊቀመጥ ሞከረ። ገንቦው አልተተኮሰም። ከሥሩ ብትንትን አለና ወንድሜ ከነካፖርቱ ስባሪው መሃል ተዘረጋ። ከኪሱም የብርቄ ነጭ ሽንኩርት ወጥታ ተንከባለለች፤ ወይዘሮ የሺ እግር ሥር ደርሳ ቆመች።

እዚያ አገር ያቺ ነገር በእንግዳ ኪስ ውስጥ ምን እንደምትሠራ የማያውቅ የለም። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው አነሷት፣ አቧራዋን በነጠላቸው ጠረጉና መልሰው ለወንድሜ ሰጡት። «ይያዙት። የባለቤትዎ አደራ ነው» አሉ። ከዚያ ስባሪውን፣ ካፖርቱን፣ የወንድሜን ፊት አይተው ሳቁ። አፋቸውን ሸፍነው፣ ሊያቆሙት እየሞከሩ ይስቁ ነበር። ወንድሜም መሬት ላይ እንደተቀመጠ ሳቀ።

«ገንቦሽን ጨረስኩት» አላቸው።

«ያልተተኮሰ ነው። ውሃ ጠጥቶ እንደገና ይታሸል።»

ዱካ አምጥተው አስቀመጡት፤ እሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ሕይወትና ዘላለም ከኋላዬ ነበሩ።

«የልጅቷ እናት ምን አሉ?» አሉ ወይዘሮ የሺ። እስከዚያ ድረስ ማንም ያላነሳውን ነገር እሳቸው አነሱት።

«ፈርታለች» አለ ወንድሜ።

«እኔም ፈርቻለሁ ጌታው።» ጣታቸው ላይ የደረቀውን ጭቃ በአውራ ጣታቸው ያራግፉ ነበር። «እውነቱን ልንገርዎ፤ እምቢ እንዲሉ ፈልጌ ነበር። ልጅዎን ጠልቼ አይደለም፤ እሷን የመሰለች ልጅ የት አለች? ነገር ግን አንድ ቀን ራሷን ያማታል። ስትወልድ ልጇን ያተኩሰዋል። የማንም ልጅ ያተኩሰዋል። የኔ የልጅ ልጅ ሲያተኩሰው ግን በላችው ይባላል። እኔ ለምጄዋለሁ። ዘላለም ግን በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ልጁ አልጋ አጠገብ ይህንን ከሚሰማ፣ ዛሬ እምቢ ብትሉት ይሻለዋል። አልቅሶ ይወጣለታል።»

ወንድሜ ሊፈርድ ነበር የመጣው፤ ፍርዱን ሌላ ሰው አስቀድሞ ጽፎ የሰጠው ይመስል ነበር። በኋላ «ልጄን ካመማት ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ» አለ። «ሕፃኑንም እወስደዋለሁ። ከዚህ ሌላ የማውቀው የለኝም። አሁን ተነሽና እንብላ፤ ወጡ በረደ።»

ገቡ። መጀመሪያ በሩ አጠገብ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መልሰው ተቀመጡ። ሕይወት ክንዳቸውን ይዛ ከመሶቡ አጠገብ አመጣቻቸው። የበሉት ጥቂት ነው፤ ለብዙ ዓመት ያላደረጉትን የሚያደርግ ሰው እንዴት እንደሚበላ ለማየት አልፈለግኩም፤ ፊቴ ያለው እንጀራ ላይ አቀረቀርኩ። ወጡ ከእኛ አገር ወጥ ይልቅ ቅመሙ ይለሰልሳል፤ እንጀራው ገብስ አለበት። ወንድሜ እንቁላሉን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ወደ እሳቸው ገፋው።

ጉሙ ሲገለጥ ሄድን። መኪናው ውስጥ ሕፃኗ ተኝታ ነበር። ወጣቷ ሚስት እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ነበር።

እሑድ

ሆስፒታል ሄደን ራጅ ተነሳ። አጥንቱ ደህና ነው፤ ጅማቱ ነው የተጎዳው ተባልን። በፋሻ ጠቅልለው ሸኙን። ዘላለም ከጠዋት ጀምሮ አብሮን ነው፤ ወንድሜን አዝሎ ደረጃ ያወጣውም ያወረደውም እሱ ነው። አሁን ነውሩን ረስተነዋል።

ሆቴሉ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ ብርቄ ልትደውል እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔ ወደ ወንድሜ ጠጋ ብዬ «ሆቴል መታጠቢያ ቤት ነው የወደቅኩት በላት» አልኩት። ያ ውድቀት ብርቄ ዘንድ ምን ተብሎ እንደሚተረጎም ገብቶኛል።

«አልልም» አለ። «በውሸት ላይ ቤት አይሠራም።»

ስልኩ ጮኸ። እሱ ጆሮው ደከም ስላለ ሁልጊዜ በድምፅ ማጉያ ነው የሚያወራው። አንኮበር ደረጃ ላይ እንደወደቀ ነገራት።

«በልታህ ነው!» አለች ብርቄ። ድምጿ በረንዳውን ሞላው። «እግርህን በልታህ ነው! አላልኩህም?»

«የወደቅኩት ሳላያት ነው ብርቄ።»

«አንተ አላየሃትም። እሷ ከታች ሆና ስትወርድ አላየችህም ብለህ ትምላለህ?»

ዘላለም ቀስ ብሎ ተነሳ። «ውሃ ላምጣ» አለ። ውሃ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሕይወት ተከትላው ወጣች። ወይዘሮ የሺ የፈሩት ነገር አንድ ቀን እንኳ ሳይቆይ መጣ፤ ያውም ገና ልጅም ሠርግም ሳይኖር። ወንድሜ ስልኩን አልዘጋም። ጭኑ ላይ አስቀምጦ ብርቄ ተናግራ እስክትጨርስ ጠበቀና «ስመጣ እናወራለን» አላት።

ሰኞና ማክሰኞ

ሰኞ ጠዋት ዘላለም መነኻሪያ ድረስ ሸኘን። ወንድሜን አስገብቶ፣ የታመመውን እግር በሻንጣ ላይ አስደግፎ፣ አውቶቡሱ ሊንቀሳቀስ ሲል ደጃፉ ላይ ቆሞ ጠየቀው። «ጋሽ ታደሰ፣ ሽማግሌ ልላክ? ወይስ ልተወው? የትኛውንም ቢሉኝ አልቀየምም።»

«ዐቢይ ጾም ሳይገባ ላክ» አለው። «እናትህም ተስማምታ ትላክ። እኔ ብቻዬን ብስማማ ምን ዋጋ አለው?»

ዘላለም በሩን ይዞ ቆመ። ረዳቱ ጀርባውን መታ መታ አድርጎ አስወረደው።

አዲስ አበባ አድረን ማክሰኞ ወደ ቆላው ወረድን። ከአዋሽ በኋላ ሙቀቱ ሲቀበለን የመኪናው ሰው ሁሉ ሹራቡን አወለቀ። ወንድሜ ካፖርቱን ሳያወልቅ እያላበው ድሬዳዋ ገባ። ምን እንደሚላት እያሰበ ነበር፤ ሙቀቱን ያወቀው አልመሰለኝም።

ብርቄ እግሩን አየች። ሙቅ ውሃና ጨው አምጥታ መሬት ተቀምጣ ታጥበው ጀመር። እሱም ከላይ ሆኖ ሁሉንም ነገራት። ሴትዮዋ ወጥተው ጉም ውስጥ መቆማቸውን፣ የገንቦውን፣ የሽንኩርቱን፣ እንቁላሉን። እጇ አልቆመም። «እምቢ በሉ አለችኝ» ሲላት ግን ቆመ።

«ማን? እሷ?»

«እሷ።»

«ለምን?»

«ልጅሽ ባመማት ቁጥር በላቻት እንደምትዪ ታውቃለች። እሑድ ስትደውዪ ልጇ አጠገቤ ነበር ብርቄ። ሁሉንም ሰማ።»

ብርቄ እጇን ከውሃው ሳታወጣ ተቀምጣ ቀረች። እኔ ሻንጣዬን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ያ የባልና የሚስት ወሬ ነው።

ሽማግሌዎቹ ጾሙ ሳይገባ መጡ። ወይዘሮ የሺም ልከው ነበር፤ «እምቢ በሉ ብዬ ነበር፤ አሁን ግን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ» የሚል ቃል ነው የላኩት። ብርቄ ከጓዳ አልወጣችም፤ ምግቡን ግን እሷው ሠርታ ነበር። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ፣ በግንቦት፣ እዚሁ ድሬዳዋ እንዲሆን ተቆረጠ።

ከዚያ ወዲህ ብርቄ ስለ ነገሩ አንድም ቀን አላነሳችም። እኔም አልነካካኋትም። ትናንት ግን ፀሐይ ስትበርድ ቤቴ መጣች። ወንበር ስስብላት አልቀመጥም አለች።

«ሴትዮዋ ደገኛ ናት አይደል?» አለችኝ።

«ደገኛ ናት። የዚያ አገር ብርድ ሌላ ነው።»

«ታዲያ የግንቦትን ሙቀት እንዴት ትችለዋለች?» በሩን ይዛ አሰበች። «የእኛን መኝታ ቤት እለቅላታለሁ። ቬንትሌተሩ ያለው እዚያ ነው።»